እማዬ፣ ውለታ እንዳታስቆጥሪው

እማዬ፣

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት እያደረገሽ ነው? በስልክ ስናወራ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም እከተልሻለሁ፤ ዋናው ነገር ሳይነሳ ስልኩ ይዘጋል። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። መነጽርሽን አድርጊና ረጋ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የእሱን ወሬ ልንገርሽ፤ አለዚያ ወደ ታች እየዘለልሽ መፈለግሽ አይቀርም። ታናሼ ደህና ነው። እኔ የሰጠሁት ኩላሊት ሽንት ማውጣት የጀመረው ገና ቀዶ ጥገና ክፍል እያለ ነው። ክሬቲኒኑ፣ ማለት ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ልኬት፣ በየቀኑ ሲወርድ ሐኪሞቹ ራሳቸው ደስ ይላቸው ነበር። የፊቱ እብጠት ጎድሏል። ያ በሳምንት ሦስቴ፣ አራት አራት ሰዓት ማሽን ሥር የሚያውለው እጥበት ቀረለት። ድሮ ውሃ በልክ ነበር የሚጠጣው፤ አሁን «ለምን አልጠጣህም?» እየተባለ ይቆጡታል።

የድሮ ኩላሊቶቹን አወጧቸው ወይ ብለሽኝ ነበር። አላወጧቸውም። አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ይተዋሉ። አዲሱን ያስቀመጡለት ከሆዱ ዝቅ ብሎ፣ በዳሌው አጥንት በኩል ነው። እንግዲህ እሱ የሦስት ኩላሊት ጌታ ሆነ፣ እኔ የአንድ። ይህን ብዬው ስፌቱን በሁለት እጁ ደግፎ ሳቀና «አታስቂኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ከእኔ የወሰዱት የግራውን ነው። የግራው ደም መላሽ ሥር ረዘም ስለሚል ለመቀጠል ይመቻል። ሆዴ ግን አንቺ እንዳሰብሽው ከዳር እስከ ዳር አልተቀደደም። ካሜራና መሣሪያ የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ከእምብርቴ በታች ደግሞ ኩላሊቱ የወጣበት አግድም ቁስል አለ። ከለጋሽ ኩላሊት በዚህ መንገድ ማውጣት የተጀመረው በፈረንጆቹ 1995 ነው። ከዚያ በፊት ጎን በሰፊው ይከፈት ነበር፤ አንዳንዴም የጎድን አጥንት ይነካ ነበር። እኔ በደህናው ዘመን ደርሻለሁ።

ማደንዘዣው ሲለቀኝ ከቁስሉ ይበልጥ ያስጮኸኝ ትከሻዬ ነበር። እነሱ ሆዴን ነክተው ትከሻዬን ምን አገባው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ለሥራ እንዲመቻቸው ሆድን በጋዝ ይነፉታል፤ የቀረው ጋዝ ድያፍራምን፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ሲቆጣው ሕመሙ የሚሰማው ትከሻ ላይ ነው። መፍትሔው መነሳትና መራመድ ሆነ። ሳል ሲመጣ ትራስ ሆዴ ላይ አጥብቄ አቅፌ ነበር የማስለው። አንጀቴም አልነቃ ብሎ ነርሷ በገባች ቁጥር «አየር ወጣልሽ?» ትለኛለች። እማዬ፣ ያን ያህል ሰው ፈሴን በጉጉት ጠብቆት አያውቅም። ሲወጣ ነርሷ «ጎሽ!» አለች።

አሁን ቁስሉ ደርቋል። የቀረው ድካም ነው። ልብሴን አጥቤ ሳሰጣ ብቻ ቁጭ ማለት ያምረኛል። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው፤ እዚያ ቦታ ሄርንያ እንዳይወጣ፣ ማለት አንጀት በቁስሉ በኩል ገፍቶ እንዳይወጣ ነው። አመሻሽ ላይ ደግሞ ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣል። ይህም በለጋሾች ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው ተብያለሁ። ጤነኛ ሆነሽ ገብተሽ ታመሽ ትወጫለሽ፤ የታመመው ደግሞ ዓይንሽ እያየ ይፈካል። ለዚያ ብለሽ ገብተሽም ቢሆን ግራ ያጋባል። ሰው ሁሉ ደውሎ «እንዴት ሆነ?» ይላል። «እንዴት ሆንሽ?» የሚለው ጥቂት ነው። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩሽ። ግን አልጸጸተኝም።

በአንድ ኩላሊት ይኖራል ወይ ለሚለው ጭንቀትሽ አንድ ሰው ልጥቀስልሽ። በፈረንጆቹ 1954 ቦስተን ውስጥ ሮናልድ ሄሪክ የሚባል ሰው ለመንትያ ወንድሙ ለሪቻርድ ኩላሊቱን ሰጠ። የተሳካው የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ይኸው ነው። ሮናልድ እስከ 2010 በአንድ ኩላሊት ኖሮ በ79 ዓመቱ ነው የሞተው። የቀረችው ኩላሊት ተለቅ ብላ የሌላይቱንም ሥራ ትይዛለች። ከሁለቱ ጊዜ ጋር እኩል አትሆንም፤ የኔም ክሬቲኒን ከድሮው ከፍ ብሎ ይቀራል። ውጤቴን አይተሽ እንዳትደነግጪ። በየዓመቱ ደም ግፊቴን፣ ሽንቴንና ደሜን እመረመራለሁ። ለጉልበትሽ የምትውጪውን ዳይክሎፌናክ ግን «ለሕመምሽ» ብለሽ እንዳትልኪልኝ፤ እሱም አይቡፕሮፌንም ለኔ ከእንግዲህ አይሆኑም። እንዲያውም ግፊት ላለባት ላንቺም አይበጅምና ሐኪምሽን ጠይቂ።

አሁን ወደተነሳሁበት ልምጣ። ሆስፒታል ሳለን ታናሼ የግሉኮሱን ማንጠልጠያ እየጎተተ ክፍሌ መጣ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ብዙ ቆይቶ «እማዬ ‹ሕይወትህ የእህትህ ናት፣ እንዳትረሳ› አለችኝ» አለኝ። ከፍቅርሽ እንደሆነ አውቃለሁ። «የኔን ውሰዱ» ብለሽ ስትለምኚ ግፊትሽ ከፍ ያለ ነው ብለው ሲመልሱሽ ምን ያህል እንደተቃጠልሽም አይቻለሁ። አንቺ መስጠት ያልቻልሽውን እኔ ሰጠሁና እሱን በምስጋና ልታስከፍዪልኝ ትፈልጊያለሽ። እባክሽ ተዪው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት አንዲት አማካሪ ለብቻዬ አስገብታ ያነጋገረችኝን አልነገርኩሽም። ማንም አስገድዶሽ ከሆነ ወይም ሐሳብሽን ከቀየርሽ፣ ለቤተሰብሽ «ለልገሳ ብቁ አልሆነችም» ብቻ እንላቸዋለን፣ ሌላ አንናገርም አለችኝ። በሩ ክፍት ነበር እማዬ። እኔ ነኝ ያልወጣሁት። ፈቅጄ የሰጠሁትን ነገር ማን ዕዳ ያደርገዋል?

ሌላም አለ። ይህ ኩላሊት ለዘላለም አይደለም። በሕይወት ካለ ሰው የተሰጠ ኩላሊት ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ፣ ቶሎ የሚደክምም አለ። ሰውዬው መድኃኒቱን አንዲት ሰዓት ሳያዛንፍ ወስዶም ሰውነቱ አልቀበልም ሊል ይችላል። ያ የሮናልድ መንትያ ሪቻርድም ኩላሊቱን ከተቀበለ በኋላ የኖረው ስምንት ዓመት ነው። ያ ቀን ቢመጣ ታናሼ ንብረቴን እንዳጠፋ ሰው ፊቴ እንዲቆም አልፈልግም። ከወዲሁ ጀምሮታል። ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚውጠው ታክሮሊመስ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ እኔ ስገባ ግን እጁን ብርድ ልብስ ሥር ይደብቃል። ለኔ የደበቀ ለሐኪሙም ይደብቃል። ትኩሳት ሲሰማው፣ ሽንቱ ሲቀንስ፣ አንድ ቀን ክኒን ሲረሳ ወዲያው መናገር ያለበት ሰው ነው። «እህቴ ያን ሁሉ ሆናልኝ» ብሎ ከፈራ መቼ ይናገራል?

ስለዚህ ስትደውዪለት መድኃኒቱን በሰዓቱ መዋጡን ጠይቂው፤ ሌላውን ለእኛ ተዪልን። ልትመጪም ትችያለሽ። ጉንፋን የነካሽ እንደሆነ ግን እስኪለቅሽ ቆዪ፤ የሚውጠው መድኃኒት የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዳክመው ትንሿ ጉንፋን እሱን ትጥለዋለች።

በነገራችን ላይ ትናንት በሪሞት ተጣላን። እሱ ኳስ ማየት ፈልጎ፣ እኔ ድራማዬን ይዤ። መጀመሪያ «እሺ፣ እንደወደድሽ» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር፤ ያኔ ነው የተናደድኩት። ብነዘንዘው ብነዘንዘው መጨረሻ ላይ ነጥቆኝ ኳሱን ከፈተ። ነግሮሽ ከሆነ «ለእህትህ ተውላት» እንዳትዪው።

ልጅሽ