ልጄ ተኝቶ አደረ፣ ሳንባው ግን ያው ነው

ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጆች፣

ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ልገዛ ስሄድ ከሱቁ በር ላይ አንስቼ ነው የማነበው፣ ብዙ ጊዜም ከሞት ማስታወቂያው ጀምሬ ወደ ቤት ኪራዩ ነው የምሄደው (እድሜ ነው መሰለኝ)፣ እና ባለፈው ሳምንት ስገላልጥ 14ኛው ገጽ ላይ የአኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌ ቆዳ ላይ እየተከሉ የሚያክሙበት ነው) ማስታወቂያ አየሁ። አስም ይላል፣ ሳይነስ ይላል፣ የቆየ ሳል ይላል፣ ከዛ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ሳንባንና ቆሽትን የሚይዝ በዘር የሚወረስ በሽታ ነው) ይልና «ሙሉ በሙሉ ይድናል» ብሎ ይዘጋል። ሁለቴ አነበብኩት። የልጄን በሽታ ስም በአማርኛ ታትሞ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ኧረ እኛንም የሚያውቀን አለ ብዬ ደስ ሁሉ ብሎኝ ነበር፣ ግን ውሸት ነው። አኩፓንክቸር የምጠላ ሰው እንዳልመስላችሁ ደግሞ፣ ልጄን ራሴ ወስጄ ያስወጋሁ እናት ነኝ፣ አሁንም ይወጋል።

ልጄ 18 አመቱ ነው፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ነው የተወለደው። እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ግንባሩን በሳመችው ቁጥር «ይሄ ልጅ ጨው ጨው ይላል፣ ምን አድርጋችሁት ነው» ትል ነበር፣ እኛ እንስቃለን። ሲወለድ ከተረከዙ የተወሰደው ደም ምንም አላሳየም። ከዛ ሳል፣ ከዛ የሳንባ ምች፣ ከዛ ሌላ የሳንባ ምች፣ አይበላም እንዳትሉ እንደ ጉድ ይበላል ግን ክብደት የሚባል ነገር የለም፣ ዳይፐሩ ቅባት ቅባት ብሎ ሽታው ቤቱን ይይዘዋል። አስም ነው ተባልን፣ የወተት አለርጂ ነው ተባልን። አራት አመት ሊሞላው ሲል ነው አንዲት ወጣት ሃኪም «እስቲ ላቡን እንመርምረው» ያለችው፣ እሷም እየተጠራጠረች፣ ምክንያቱም ስትማር የነጮች በሽታ ነው ተብላ ነው የተማረችው። ላቡ ውስጥ ያለው ክሎራይድ የሚባለው የጨው ክፍል 60 ከሞላ በሽታው አለ ማለት ነው፣ የልጄ 97 ሆኖ መጣ።

ይሄ የላብ ነገር የታወቀው እኮ በፈረንጆቹ 1948 ኒውዮርክ ላይ ሃይለኛ ሙቀት ወርዶ፣ ተዝለፍልፈው ሆስፒታል ከሚገቡት ህጻናት ብዙዎቹ ይሄው በሽታ ያለባቸው መሆናቸውን ዲ ሳንታኜዜ የሚባል ዶክተር ልብ ስላለ ነው፣ ጨዋቸው ከላባቸው ጋር እየወጣ ያልቅባቸዋል። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «እኔ ያለ ሆስፒታል አውቄው የለ እንዴ» ነው ያለችኝ።

ለማያውቀው ሰው፣ በሽታው የሚመጣው ከኔም ከአባቱም በወረሰው ጂን ነው፣ ሁለታችን ጤነኛ ሆነን ሳናውቀው ተሸክመነው ኖረናል፣ እንደኛ አይነት ባልና ሚስት በወለደ ቁጥር ልጁ የመታመም እድሉ ከአራት አንድ ነው። ሳንባው ውስጥ ያለው አክታ እንደ ሙጫ ይወፍራል፣ ባክቴሪያው እዛ ውስጥ ቤቱን ይሰራል። ቆሽቱም ስለሚዘጋ ምግብ አይፈጭለትም፣ ስለዚህ ሲበላ ኢንዛይም ይውጣል፣ ሽሮ ከሆነ ጥቂት ካፕሱል፣ ዶሮ ወጥ ከሆነ ብዙ፣ ክትፎ ቀን ደግሞ ሂሳቡን እሱ ራሱ ነው የሚሰራው፣ እኔ ቅቤውን ብቻ ነው የምነግረው።

ወደ አኩፓንክቸር ለምን ሄድሽ የሚለኝ ብዙ ነው፣ በተለይ የሃገራችን ነርሶች። ጥቅምት 2019 ላይ ትራይካፍታ የሚባል መድሃኒት ተፈቀደ፣ በአመት ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ነው ዋጋው ግን ተአምር ነው፣ የሳንባ ንቅለ ተከላ ወረፋ ላይ የነበሩ ሰዎች ከወረፋው ወጥተዋል። ያ መድሃኒት የሚሰራው ተበላሽቶ የተሰራውን ፕሮቲን በማቃናት ነው፣ የልጄ ጂን ደግሞ ፕሮቲኑን ጭራሽ አይሰራውም፣ የሌለ ነገር ደግሞ አይቃናም። ከአስር ታማሚ አንዱ ገደማ እንደሱ መድሃኒቱ የማይሆነው ነው፣ ጥቁሮች ላይ ደግሞ ይሄ ነገር ከነጮቹ ይልቅ ይበዛል። 2024 መጨረሻ ላይ መድሃኒቱ ለ94 ተጨማሪ የጂን አይነት ተፈቀደ ሲባል ሌሊት ተነስቼ ኩሽና ቁጭ ብዬ ዝርዝሩን በጣቴ እየወረድኩ ፈለግኩት። የለም። በዛ ሌሊት «ሙሉ በሙሉ ይድናል» የሚል ጋዜጣ እጄ ላይ ቢኖር ምን አደርግ እንደነበር እናንተ ገምቱት።

ስለዚህ ልጄ ያለው የድሮው ህክምና ነው። ጠዋትና ማታ ደረቱን የሚነቀንቀው ቬስት ግማሽ ሰአት ግማሽ ሰአት፣ የሚተነፍሰው የጨው ውሃ፣ አክታ የሚያቀጥነው መድሃኒት፣ ወር እየተፈራረቀ የሚተነፈስ አንቲባዮቲክ። ይሄ ሁሉ ተደርጎም ሳሉ አይቀርም፣ ሲስል ደግሞ ጎኑንና ጀርባውን ያመዋል፣ ከሳይነሱ የሚመጣ ራስ ምታት አለ፣ ሌሊት ተቀምጦ ነው የሚያነጋው። ጠንካራ ማስታገሻ እንዳይሰጡት ሆድ ያደርቃል፣ እንደሱ አይነት ሰው ላይ የሆድ ድርቀት አንጀት እስከመዝጋት ይሄዳል፣ አንዴ ደርሶብን ስድስት ቀን ተኝተናል። እህቴ ከአቃቂ ደውላ «እኛ ጋ ጥሩነሽ ቤጂንግ እኮ ቻይናዎቹ ሃኪሞች በመርፌ ወገብ ያክማሉ፣ አሜሪካ ተቀምጣችሁ እንዴት ይጠፋል» ስትለኝ ነው ሃሳቡ የመጣው።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ስሙን አልጠራም። ሰውየው አምስት ደቂቃ እጁን ይዞ ምት አዳመጠ፣ ምላስህን አውጣ አለው፣ ከዛ «ሳንባው ውስጥ እርጥበት አለ፣ በአስር ጊዜ ይደርቃል» አለን። እኔ ደግሞ ኧረ ልጄ ችግሩ መድረቁ ነው ልለው አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ከዛ አንድ ሲጋር የሚመስል ጥቅልል ለኮሰ፣ ሞክሳ ነው ስሙ፣ ከኛ አሪቲ ጋር አንድ ዘር የሆነ ቅጠል ደርቆ ተፈጭቶ ነው፣ ወደ ቆዳ አስጠግተው ያሞቁበታል። ክፍሉ በአንድ ደቂቃ ጢስ። እኔ ለዚህ ልጅ ብዬ ቤቴ ውስጥ ቡና ሳፈላ እጣን ካጨስኩ 14 አመቴ ነው፣ ዘመድ እያኮረፈኝ! ልጄን አንስቼ ወጣሁ፣ ሰውየው በር ድረስ ተከትሎ እንደ ሻይ የሚፈላ የመድሃኒት ቅጠል ሊሸጥልኝ ነበር፣ «ይሄን ስትጀምሩ ማሽኑን ትንሽ አሳርፉት» እያለ።

እዛ ላይ ማቆም ነበረብኝ፣ ግን ልጁ ራሱ «ማሚ፣ መርፌውን እኮ አልሞከርነውም፣ ጢሱን ነው የሞከርነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚህኛው ጊዜ መጀመሪያ ልጄ በሽታውን የሚታከምበትን ክሊኒክ ጠየቅን፣ ከመጀመሪያውም እንደሱ ማድረግ ነበረብኝ። ዶክተሩ አልሳቀብንም። ሳንባ አያድንም ግን ለህመሙ ሞክሩት አለና ቅድመ ሁኔታ ወረቀት ላይ ዘረዘረ። ደረትና ላይኛው ጀርባ ላይ መርፌ አይነካውም፣ ምክንያቱም የነዚህ ታማሚዎች ሳንባ አየር ይዞ የተነፋ ነው፣ መርፌ ትንሽ ጠለቅ ካለ አየር ይሾልክና ሳንባው ይኮማተራል። ደም የተቀላቀለ አክታ ባለበት ሳምንት አይሄድም። ቫይታሚን ኬ ዝቅ ካለም አይሄድም፣ ደም ቶሎ አይረጋለትም። መርፌው አዲስ ከፓኬቱ ፊታችሁ የሚከፈት፣ አንዴ ተወግቶ የሚጣል መሆን አለበት። ጢስ የለም። ቅጠልም የለም፣ ምክንያቱም ቅጠል ከመድሃኒት ጋር ይጋጫል፣ ትራይካፍታ የሚወስዱትማ ግሬፕፍሩት እንኳን አይበሉም። ሌላ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለበት ሰው እዛው ክፍል ከታከመም መጠንቀቅ ነው፣ እነዚህ ልጆች እርስ በርስ ባክቴሪያ ስለሚቀባበሉ ሁለት ሜትር ተራርቀው ነው የሚቆሙት፣ አንድ አይነት በሽታ ይዟቸው ተቃቅፈው ማልቀስ እንኳን አይችሉም።

ሁለተኛ የሄድንባት መርፌ ወጊ ኮሪያዊት ሴትዮ ናት፣ ያንን ወረቀት ሰጥቻት ቁጭ ብላ አነበበችው፣ የሲቲ ስካኑን ሪፖርት አምጡልኝ አለች። ከዛ ቀን ጀምሮ ቀጠሮው ሁሌ የጠዋቱ የመጀመሪያ ነው፣ ክፍሉ ገና ሰው ሳይገባበት። ልጄ በጀርባው ከተጋደመ ስለሚያስለው አልጋውን አቀናችለት፣ እንደ ጥርስ ሃኪም ወንበር። መርፌው የልብስ መርፌ እንዳይመስላችሁ፣ ጸጉር ነው በሉት፣ ሲገባ ድምጽም የለው። አንዱ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል ያለው ስጋ ላይ፣ አንዱ ከእጅ አንጓ ሶስት ጣት ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል፣ አንዱ ከጉልበት በታች፣ ሁለት ደግሞ ግንባሩ ላይ ቅንድብ አጠገብ፣ እናቴ ጨው ጨው የሚል ያለችው ቦታ። በመጀመሪያው ቀን መርፌዎቹ እንደተተከሉ ሳሉ መጣበት፣ ያ ከእግር ጥፍር የሚነሳው ሳል፣ እኔ ዘልዬ ተነሳሁ፣ መርፌዎቹ ሲወዛወዙ ይታዩኛል፣ ሴትየዋ ምንም ሳትደነግጥ የእጆቹን ነቅላ አክታ መትፊያውን ኩባያ አቀበለችው፣ ጨርሶ ሲያርፍ አዲስ ፓኬት ከፍታ ቀጠለች። እሱ ሳቀ። እኔ ወጥቼ መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

አንዴው 85 ዶላር ነው፣ ኢንሹራንሳችን አይከፍልም። መንግስት በሜዲኬር የሚከፍለው ራሱ ከ2020 ጀምሮ ለቆየ የወገብ ህመም ብቻ ነው። በሳምንት አንዴ ለሁለት ወር ሄድን። ራስ ምታቱ ቀነሰ። የጎን ህመሙ በተወጋ ቀንና በማግስቱ ይሻለዋል፣ ከዛ ይመለሳል። እንቅልፍ፣ ይሄ ነው የገረመኝ፣ በተወጋበት ቀን ማታ ትራሱን ሶስት ደርቦም ቢሆን ይተኛል፣ እኔ ግን ለምጄ ስለሆነ ለምን አላሳለም ብዬ ተነስቼ በሩ ስር እቆማለሁ። ሳንባውን የሚለካው ቁጥር (ከጤነኛ ሰው ጋር ሲተያይ ከመቶ ስንት አየር እንደሚያስወጣ ማለት ነው) ከመጀመራችን በፊት 61 ነበር፣ ከሁለት ወር በኋላም 61። ንቅንቅ አላለም። አክታው ያው፣ ባክቴሪያው ያው፣ ቬስቱም አልቀረም፣ ሊቀርም አይችልም።

ከዛ በኋላ አነበብኩ፣ የቻልኩትን ያህል። ለማቅለሽለሽ ያቺ የእጅ አንጓዋ ቦታ እንደምትረዳ በ1997 የአሜሪካ የጤና ኢንስቲትዩቶች የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ሳይቀሩ ተቀብለውታል፣ ከኬሞና ከቀዶ ጥገና በኋላ ላለው ማለት ነው። በዚህ በሽታ ላይ ህመምን በተመለከተ 2005 ላይ የወጣ ጥናት አለ ግን ትንሽ የሙከራ ጥናት ነው፣ እሱን መሰረት አድርጎ ቤት አይሰራም። በሌሎች የህመም አይነቶች ደግሞ እውነተኛውን መርፌ ከማስመሰያ ጋር ሲያወዳድሩት ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ልጄን ያስተኛው መርፌው ይሁን፣ ወይስ በሳምንት አንድ ሰአት ስልኩን ሳይዝ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲነካካው መዋሉ ይሁን፣ እኔ እንጃ። እሱን ጠይቄው «ተኛሁ አይደል እንዴ» ነው ያለኝ።

ቤት ውስጥ ይሄን ነገር ስናወራ ባለቤቴ የሚያነሳው ጸበሉን ነው። ሃገር ቤት ስንቱ ሰው ጸበል ስገባ መድሃኒት ላቁም ብሎ የኤችአይቪ መድሃኒቱን ጥሎ እንደሞተ ታውቃላችሁ፣ አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው በአደባባይ እስኪናገሩ ድረስ። ጸበሉ አልገደለም፣ ጣሉት ያለው ሰው ነው የገደለው። እና እኔም ከመርፌው ጋር ጸብ የለኝም፣ ጸቤ «ማሽኑን አሳርፉት» ካለኝ ሰውዬና አሁን ደግሞ «ሙሉ በሙሉ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። እዚህ አካባቢ ገና በሽታው ያልታወቀለት የሃበሻ ልጅ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ፣ ሁሌ የሚያስል፣ በልቶ የማይወፍር፣ ሲስሙት ጨው ጨው የሚል፣ አስም ነው ተብሎ ፓምፕ የያዘ። የዛ ልጅ እናት ማስታወቂያውን አይታ ላብ ከማስመርመር ይልቅ አስር ጊዜ 85 ዶላር ትከፍላለች፣ አመቱም ይሄዳል፣ በዚህ በሽታ ያለቀ ሳንባ ደግሞ አይመለስም።

ማስታወቂያ ጋዜጣውን እንደሚያኖረው ይገባኛል፣ ነጻ ነው የማነበውና አልከራከርም። የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ማስታወቂያው ይቀጥል፣ «ይድናል» የምትለዋን አውጡልኝና «ከሃኪም ህክምና ጋር አብሮ፣ ለህመምና ለእንቅልፍ» በሏት፣ ሰውየው ካኮረፈ እኔ ጋ ደውሉ ስልኬን በኢሜሉ ልኬላችኋለሁ። ሌላው ስለ ላብ ምርመራው አንድ ገጽ እንኳን ጻፉ፣ አያምም፣ ቆዳ አይበሳም፣ ክንድ ላይ ላብ የሚያመጣ መድሃኒት በትንሽ ኤሌክትሪክ አስገብተው ላቡን ግማሽ ሰአት ሰብስበው ነው የሚለኩት፣ ልጄ ያኔ ካርቱን እያየ ነው ያለቀለት።

ስሜን ግን አታውጡት፣ ልጁ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቷል፣ እዛ ገና ለማንም አልነገረም። ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አለው፣ አሁን ራሱ እየነዳ ነው የሚሄደው፣ እኔ ቬስቱን ሰርቶ መውጣቱን ብቻ ነው የማየው።

የአንድ ልጅ እናት
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ