የእጩዎች ዝርዝር ለምን አራት ቀን ይፈጃል?

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ደውላችሁ «ድሮ በማግስቱ ነበር ዝርዝር የምትልኩልን፤ አሁን ምን ነካችሁ?» ያላችሁን ጥቂት አይደላችሁም። አንድ የቆየ ደንበኛችን እንዲያውም «ኮምፒውተሩ በደቂቃ ይለያል ብላችሁ አልነበር እንዴ?» ብሎ ያዘን። ልክ ነው፣ ብለናል። ይለያልም። ግን የሚለየው ምኑን እንደሆነ በስልክ አስረድተን ስለማንጨርሰው ቁጭ ብለን ጻፍነው።

ሥራችንን ታውቁታላችሁ። ተቋራጭ፣ አማካሪ ድርጅት ወይም ፋብሪካ መሐንዲስ ሲፈልግ ማስታወቂያውን በቴሌግራምና በሥራ ማፈላለጊያ ድረ ገጾች እንለቃለን። ሲቪ ይዘንባል። የመጣውን ሁሉ በአንድ መለያ ፕሮግራም እናሳልፋለን። ፕሮግራሙ የትምህርት ዘርፉን፣ የልምድ ዓመቱን፣ የሚታወቁትን ሶፍትዌሮች ይለቅማል፤ እናንተ ካዘዛችሁት ጋር አስተያይቶ ለእያንዳንዱ ሰው ነጥብ ይሰጣል። እኛም ከላይ ያሉትን አምስት ስድስት ሰዎች ቆርጠን እንልክላችሁ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ጉዳችን የወጣው በዘመን አቆጣጠር ነው። አትሳቁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛችን አሥር ዓመት የሠራ ፕሮጀክት ማናጀር አዘዘን። ፕሮግራሙ አንደኛ ያደረገው ልጅ ሲቪው ላይ «ከ2012 እስካሁን» ይላል። ፕሮግራሙ በፈረንጅ ቆጠረና የ13 ዓመት ልምድ ሸለመው። ልጁ የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ገና አምስት ዓመቱ ነው። አልዋሸም። ደንበኛችን ለቃለ መጠይቅ ሲያገኘው ደወለልን፤ «ይሄ ልጅ የተመረቀው ስንተኛ ክፍል ሆኖ ነው?» አለን። የምንመልሰው አጣን።

የሌላዋ ደግሞ ይብሳል። ሐምሌ 2010 ተመርቃ በሁለት ወሯ ሥራ ይዛለች። ምርቃቷን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፈች። መሥሪያ ቤቷ የሰጣት የልምድ ደብዳቤ ግን በፈረንጅ ስለነበር ሥራ የጀመረችበትን «2018» አለችው። ፕሮግራሙ ስምንት ዓመት ቤቷ የተቀመጠች አድርጎ ወደ ታች ወረወራት። ያገኘናት በአጋጣሚ፣ ሌላ ሰው ስንፈልግ ነው። መስኖ ላይ የቆየች፣ ካናል ከነፈሰሱ በጣቷ የምታውቅ ልጅ ናት። መራዊ ላይ እንደ ቆጋ ያለ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የታቀደ መስኖ ባለበት አገር፣ እንዲህ ያለ ሰው ከዝርዝር ግርጌ ሲጣል ያበሳጫል።

የትምህርት ክፍል ስምም ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ «ሃይድሮሊክስና ውሃ ሀብት» ይላል፣ ሌላው «ውሃ ሀብትና መስኖ»፣ ሌላው «ውሃ አቅርቦትና አካባቢ»። ለእኛ ዘመዳሞች ናቸው። ለፕሮግራሙ የማይተዋወቁ ሦስት እንግዶች። በዚያ ላይ አሁን አሁን ሲቪ የሚጽፈው ራሱ ኮምፒውተር ሆኗል። ሁሉም ከአንድ እናት የተወለዱ ይመስላሉ፤ ሁሉም ውጤት ተኮር፣ ሁሉም በቡድን መሥራት የሚወድ።

ስለዚህ አሁን ሲቪውን ሰው ያነበዋል። ፖሊ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ባለው የምህንድስና ትምህርት ቤት፣ የተማረች ባልደረባችን ከላይ ያሉትን ብቻ ሳይሆን ከታች የወደቁትንም ታያለች፤ ዓመቱን በአንድ አቆጣጠር ታስተካክላለች፤ ከዚያ ትደውላለች። ለሳይትና ለኦፊስ መሐንዲስ አንድ ገጽ ንድፍ በቴሌግራም ልካ «የዚህን መወጣጫ ደረጃ ብረት አስላልኝ» ትላለች። መልሱ ትክክል መሆኑ ብቻ አይደለም የምታየው። «እዚህ ጋ ልኬት ጎድሏል» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ፊቷ ይበራል። ተጨማሪዎቹ ቀናት የሚሄዱት እዚህ ላይ ነው።

ግን ጥፋቱን ሁሉ በማሽን ላይ ማላከክ ደግ አይደለም። ትእዛዛችሁም አለበት።

«ሲቪል መሐንዲስ፣ ዲግሪ፣ 5 ዓመት፣ ደመወዝ በስምምነት።» ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ይህ ነው። ጣና ዳር ሕንፃ የጀመረ ደንበኛችን ልክ በዚህ ቃል አዘዘን፤ ልክ በዚህ ቃል ላክንለት። የላክነው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ግን የሠራው ሁሉ ደረቅ መሬት ላይ ነበር። ሐይቁ አጠገብ መሠረት ስትቆፍሩ ውሃው ቶሎ እንደሚወጣ ለእናንተ አንነግርም። ልጁ ፓምፑን ቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠው። ፓምፑ ከውሃው ጋር ደቃቁን አፈር አብሮ ይስባል፤ ግድግዳው መናድ ጀመረ፤ የጉድጓዱ ወለል ጭቃ ሆነ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ጥግ ላይ ጠለቅ ያለች ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ጠጠር ያስሞላታል፣ ውሃውን ከዚያ ይስባል፤ ወለሉ እንደጸዳ ደግሞ ሳያድር ሊን፣ ማለትም ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፈውን ስስ ኮንክሪት፣ ያስፈስሳል። እንዲህ የሠሩ ሰዎች መዝገባችን ውስጥ ነበሩ። «ውሃ የሚወጣበት መሠረት» የምትል ቃል ትእዛዙ ላይ ስለሌለች ፕሮግራሙም አልፈለጋቸው፣ እኛም አልጠየቅን። የዚያን ቦታ ክፍያ መልሰናል፤ ጥፋቱ የእኛም ነበርና።

ከዚህ በኋላ ማስታወቂያ ከመልቀቃችን በፊት ግማሽ ሰዓት እንደውልላችኋለን። ዋናው ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ሰውዬው ሰኞ ጠዋት ሳይት ሲደርስ መጀመሪያ የሚይዘው ሥራ ምንድን ነው? የክፍያ ሰርተፊኬት ማዘጋጀት ነው? ከአማካሪው ጋር መከራከር? የቆመ ማሽን ማስነሳት? ከቻላችሁ ፎርማናችሁም መስመሩ ላይ ይኑር፤ ብዙ ጊዜ እውነቱ ያለው እሱ ጋ ነው።

ደመወዙንም ጻፉት፤ ቁጥሩ ባይሆን ከስንት እስከ ስንት። «በስምምነት» የሚለውን ቃል ሥራ ያለው መሐንዲስ ሲያየው አልፎት ይሄዳል። የሚያመለክተው የቸገረው ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር እንደማንስማማ እናውቃለን።

ክፍያችን አልጨመረም። ከመሐንዲሶቹ አሁንም ሰባራ ሳንቲም አንቀበልም። በእኛ ስም «ለመመዝገቢያ በቴሌብር ላኩ» የሚል ሰው ካጋጠመ ሌባ ነው፤ ንገሩን።

አራት ቀን የማይታገሥ ሥራ እንደሚኖርም አንክድም። መሐንዲሱ በድንገት ጥሎ የሄደ፣ አማካሪው ሥራ ያስቆመበት ደንበኛ ይኖራል። እንዲህ ሲሆን ፕሮግራሙ የለየውን ጥሬ ዝርዝር እንደ ድሮው በማግስቱ እንልካለን። ላዩ ላይ ግን በቀይ «በሰው አልተነበበም» ተብሎ ይጻፍበታል። ዓመቶቹን ራሳችሁ ቁጠሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሥራ አስኪያጁና ባልደረቦቹ
ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14