እማ፣ ያን ቀን ሲኒሽን ለምን አስቀመጥሽ?

ጅማ፣ ኅዳር

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም እማ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤውን የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። በስልክ ላነሳው ስል "ኔትወርክ የለም" ብለሽ ዘጋሽው። ወሬው ስለከበደሽ ይመስለኛል።

ባለፈው ወር እኛ ዘንድ የመጣሽ ጊዜ ቡና ላይ ነበርን። ሬዲዮው ስለ ጦርነት ተፈናቃዮች ያወራል። ጎረቤታችን "እስከ መቼ ስንዴ እየተሰፈረላቸው ይኖራሉ? መንግሥት ባዶ መሬት ፈልጎ ያስፍራቸው" አለ። ሚስቱ "የለም፣ ወደ ቀያቸው ይመለሱ" አለች። ክርክሩ ጦፈ። አንቺ በረካውን ሳትቀምሺ ሲኒሽን አስቀምጠሽ ጓዳ ገባሽ። ተከትዬሽ ስገባ "እኛም ሠፍረናል፣ አልሞትንም" አልሽኝ።

እማ፣ እዚህ ላይ አልስማማሽም። አብራችሁ ከመጡት ስንቱን ወባ እንደጨረሰው የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።

በ1977 ድርቅ ደርግ 600,000 የሚያህል ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንስቶ ወደ ከፋ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ ጋምቤላና መተከል አወረደ። አንዳንዱ ወዶ ሄደ፣ ብዙው ተገዶ። የእናንተን ስም ከዝርዝር የጠራው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር። ዕቃ ለመሸከፍ አንድ ሌሊት ሰጧችሁ። ወፍጮው ከበደሽና ቀረ፣ መጁን ግን በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዝሽው። የሚፈጭ እህል ሳይኖር መጅ ምን ያደርግልሻል ብለው ጠየቁሽ። እዚህ ከደረስሽ በኋላ ለወፍጮ የሚሆን ድንጋይ እስክታገኚ ስንት ጊዜ ፈጀብሽ!

መጁ አሁን ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ነው። ሆዱ ተበልቶ ልሙጥ ሆኗል። እጅሽ የሚያርፍበት ሁለቱ ጫፍ ዛሬም ያብረቀርቃል። ጠዋት ጠዋት እነካዋለሁ።

ጎረቤታችን "ባዶ መሬት" ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ያወረዷችሁ ጫካ ባለቤት ነበረው። የአካባቢው ሰው ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ቡና የሚለቅምበት ነበር። እነሱንም የጠየቃቸው የለም። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት የአገሩ እናት ቆጮ በኮባ ቅጠል ይዛልሽ መጣች። ቋንቋ አልተግባባችሁም፣ አብራችሁ ግን በላችሁ። ይህን ስትነግሪኝ ሁልጊዜ ድምፅሽ ይለወጣል።

አጎቴ በሌላ አውቶብስ ተጫነ፣ ወለጋ ወረደ። በሕይወት መኖሩን ያወቅሽው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ልጁ እዚያው ወለጋ ተወልዶ፣ እዚያው አርሶ፣ እዚያው አገባ። ተኩሱ ሲመጣ ልጆቹን ይዞ ሸሸ። ዛሬ ደቡብ ወሎ መጠለያ ውስጥ ነው። ያባቱ አገር ገብቶ ተፈናቃይ ተባለ! ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ሊመልሷቸው እየመዘገቡ ነው። ሚስቱ መመለስ ትፈልጋለች፣ ቤታቸውና ቡናቸው እዚያ ነው። እሱ ደግሞ ሰላሙ ሳይረጋገጥ ልጆቼን አልወስድም ይላል። ራሽኑ እንዳይቋረጥበትም ይፈራል፣ ስለሚያውቀው ነው። ሰኔ 2015 ላይ የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም "እህሉ እየተዘረፈ ነው" ብለው በመላው አገሪቱ የምግብ እርዳታ ለወራት አቁመው ነበር። የዘረፈው ሌላ፣ ጾሙን ያደረው ሌላ። በእነዚያ ወራት የቀን ሥራ ሲያገኝ ልጆቹ በሉ፣ ሲያጣ ተኙ። ስለዚህ ጎረቤቴ "እስከ መቼ" ሲል መልሴ አንድ ነው፤ ሰውዬው መርጦ እግሩ እስኪቆም ድረስ።

መምረጥ ያልኩት ከራሴ አይደለም። አገራችን በ2012 ያጸደቀችው፣ የአፍሪካ ኅብረት ስለ ተፈናቃዮች ያወጣው የካምፓላ ስምምነት ይለዋል። መመለስ፣ ባሉበት መኖር፣ ወይም ሌላ ቦታ መስፈር፤ ሦስቱም ክፍት ነው፣ ተፈናቃዩ ተማክሮ በነፃ ፈቃዱ ይወስናል። እኔ ሠፈራን በጅምላ አልጠላም። አንቺ በዚያ መሬት እኛን አሳድገሻል፣ አስተምረሻል። የምጠላው ሰውን እንደ ጆንያ ቆጥሮ መጫንን ነው። በአንቺ ላይ የሆነው ለሱ "ይበቃዋል" ሲባል ደግሞ፣ ያውም ከአንቺ አፍ፣ አልችልም እማ።

ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት "አክስቴ ምን ትላለች?" አለኝ። አላውቅም አልኩት።

ቅዳሜ ከመግሪብ በኋላ ሁለታችሁንም በአንድ መስመር አገናኛችኋለሁ። ስልክሽን ቀድመሽ ቻርጅ አስደርጊ። "ተመለስ" ወይም "እዚያው ቅር" እንድትይው አይደለም። ያን ሌሊት መጁን ስትጠቀልዪ አንድ ሰው መጥቶ "የት መኖር ትፈልጊያለሽ?" ቢልሽ ኖሮ ምን ትዪው እንደነበር ንገሪው። እኔም ሰምቼው አላውቅም።

ዱዓሽ አይለየን።

ልጅሽ