ጫካ ምን ልለቅም እንደምሄድ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር፣ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና፣ ደኅና ነኝ። ይህን የምታነብልሽ እኅቴ አንድም መስመር ሳትዘል ታንብብልሽ።

በቀደም በስልክ «ጫካ ውዬ መጣሁ» ስልሽ «ምነው ልጄ፣ ማገዶ እስከ መልቀም ደረሳችሁ?» ብለሽ ደነገጥሽ። ሳቄ መጥቶ መልስ ሳልሰጥሽ ቀረሁ።

እንጦጦን አስቢው፣ እማዬ። የኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎም እንዲሁ ከራስጌዋ ጫካ አላት፤ ኖርድማርካ ይሉታል። እዚህ ግን ጫካው አፍ ድረስ የሚያደርስሽ የከተማ ባቡር ነው። የ5 ቁጥር የመጨረሻ ፌርማታ ሶንግስቫን የሚባል ሐይቅ አጠገብ ነው፤ ወርደሽ ጥቂት እንደተራመድሽ የመኪና ድምፅ ይጠፋል። ጥድ የሚመስል ዛፍ፣ ከሥሩ እግር የሚውጥ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት፣ እዚህም እዚያም ኩሬ።

በታኅሣሥ ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ወጥታ 9 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች። ሰዉ ግን ቤቱ አይከተትም። ከሥራ መልስ በበረዶ ላይ የሚንሸራተትበትን፣ እንደ ጦር የረዘመ ስኪውን ይዞ ባቡር ይሳፈራል፤ ጫካው ውስጥ በመንገዱ ዳር መብራት ተተክሎለታል። እኔም እሞክራለሁ ብዬ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ በአፍጢሜ ተደፋሁ። ሰባ ዓመት የዘለላቸው የሚመስሉ ሴት በአጠገቤ እንደ ንፋስ አለፉ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። የዚህ ጫካ ሰፊው ክፍል የግል ርስት ነው። ሆኖም በፈረንጆች 1957 የወጣ ሕግ ማንም በእግሩ ገብቶ እንዲዘዋወር ይፈቅዳል፤ የዱር ፍሬ መልቀምም መብት ነው። ዘበኛ የለም፣ ቲኬት የለም። የሚፈራው እሳት ነው፤ ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ጫካ ውስጥ መለኮስ ክልክል ነው። ደግሞ በደረጃው ላይ ሰላም የማይለኝ ጎረቤቴ ጫካ ውስጥ ሲያገኘኝ ፈገግ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ከተማ ስንመለስ እንደገና አያውቀኝም!

አሁን ፍልሰታ ነው፤ ኡለቮልሴተር ከሚባለው የጫካ ቡና ቤት የሚወጣው፣ በወተትና በእንቁላል የሚጋገረው የዋፍል ቂጣ ሽታ ፈተና ሆኖብኛል። እኔ የምጾመው ብሎቤር እየበላሁ ነው። ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ የሚል ቁጥቋጦ ላይ የሚያፈራ፣ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ነው። ልክ እንደ አጋም ከንፈርና ጣት ያጠቁራል። ጎንበስ ብዬ ስለቅም ወገቤ ሲያመኝ አንቺን አሰብኩ፤ የቅጠሉን ሸክም አዝለሽ፣ ገመዱ ደረትሽን ቆርጦት፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርጂ። ዘበኛ እንዳያይሽ መንገድ ስትቀያይሪ እኔ ቀሚስሽን ይዤ እከተልሽ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ባልዲዬን ሞልቼ ስመለስ ከበስተኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ሳላስበው ባልዲውን በጃኬቴ ሸፈንኩት። ዘወር ስል አንድ ሽማግሌ ከውሻቸው ጋር ናቸው። ጃኬቱን ገለጥ አድርገው አዩና «በርትተሃል፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አለ» ብለውኝ አለፉ።

ፍሬውን በስኳር ቀቅዬ ማርማላታ አድርጌዋለሁ። የሚመጣ ሰው እንዳገኘሁ አንድ ጠርሙስ እልክልሻለሁ፤ ከአጋም ጋር አስተያይተሽ ንገሪኝ።

ልጅሽ፣ ከኦስሎ