አባዬ፣ የትኛው አገር ይሻላል ላልከኝ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ ትንሽ ተሻለህ ወይ?

ባለፈው ስንደዋወል "ሕክምናን በደንብ የያዘው የትኛው አገር ነው?" ብለህ ጠየቅኸኝ። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ልጻፍልህ ብዬ ነው። "በነፃ የሚያክም አገር ይሻላል" ያልከውን ግን ከወዲሁ አልቀበልህም። ነፃ ሕክምና የሚባል ነገር የለም። ወይ በግብር ትከፍላለህ፣ ወይ ከደመወዝህ መዋጮ ይቆረጣል፣ ወይ ታመህ ስትሄድ ከኪስህ ታወጣለህ። እኔ አገሮቹን የማወዳድራቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የ75 ዓመት ሰው አቅም ሲያንሰው ምን ያደርጉለታል? (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።)

ከአሜሪካ ልጀምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ገደበ። ቀጣሪዎችም ሠራተኛ ለመሳብ የጤና ኢንሹራንስ ማቅረብ ጀመሩ። በዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ። ጣጣው የመጣው ሰው ጡረታ ሲወጣ ነው። ሥራው ሲቀር ኢንሹራንሱም ይቀራል። የግል ኩባንያ ደግሞ አዛውንት ደንበኛ አይወድም፤ ቢቀበልም ዋጋው አይቀመስም። በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን 65 ዓመት ለሞላቸው ሁሉ ሜዲኬር የተባለውን የመንግሥት የጤና መድን ያቋቋሙት ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ካርድ ማን እንደወሰደ ታውቃለህ? የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን! በ1945 ለመላው ሕዝብ የጤና መድን ይኑር ብለው ጠይቀው ያልተሳካላቸው ሰውዬ። ታሪክ ስለምትወድ ይህችን ላንተ ብዬ ነው ያመጣኋት።

እንግሊዝ ሌላ ናት። ከ1948 ጀምሮ ሆስፒታል ተኝተህ ስትወጣ ሂሳብ የሚጠይቅህ የለም። ገንዘቡ በአብዛኛው ከግብር ይመጣል። ከ60 ዓመት በላይ ከሆንክ በሐኪም የታዘዘልህን መድኃኒት ሳትከፍል ትወስዳለህ። ችግሩ ወረፋው ነው። እንዳንተ ላለ የጉልበት ሕመም ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ወራት መጠበቅ ብርቅ አይደለም።

ይሁን፣ ወረፋውን ቻልነው እንበል። ግን ሐኪሙ ከጨረሰ በኋላስ? የሚያጥብህ፣ የሚያለብስህ፣ ከአልጋ ደግፎ የሚያነሳህ ሰው ብትፈልግስ? የእንግሊዝ ቸርነት እዚህ ላይ ያልቃል። ይህ እንደ ሕክምና አይቆጠርም። ሀብትህ ከ23,250 ፓውንድ ካለፈ ወጪውን ራስህ ትችላለህ። ብቻህን የምትኖር ሆነህ መጦሪያ ከገባህ የመኖሪያ ቤትህም እንደ ሀብት ይታሰባል። ቤታቸውን ሸጠው የሚከፍሉ አሉ። ጎረቤቷ ስኮትላንድ ግን ከ2002 ጀምሮ 65 ዓመት ለሞላቸው እንዲህ ያለውን እንክብካቤ ያለ ክፍያ ትሰጣለች። የአሜሪካው ሜዲኬርም የረጅም ጊዜ የመጦሪያ ወጪ አይሸፍንም። ለድሆች የተቋቋመው ሜዲኬይድ ይሸፍናል፣ ግን መጀመሪያ ጥሪትህ ማለቅ አለበት። ዕድሜ ልኩን የቆጠበን ሰው "መጀመሪያ ደህይና ና" ማለት ምን ይሉታል? እኔን ያበሽቀኛል።

ይህን በደንብ ያሰቡበት ጀርመንና ጃፓን ናቸው። ጀርመን ከቢስማርክ ዘመን፣ ከ1883 ጀምሮ፣ ሠራተኛና ቀጣሪ እያዋጡ የሚታከሙባት አገር ናት። በ1995 ደግሞ ለእንክብካቤ ብቻ የሚውል ሌላ መዋጮ ጨመረች። ጃፓን በ2000 ተከተለች። እዚያ ሰው ለዚህ መዋጮ መክፈል የሚጀምረው 40 ዓመት ሲሞላው ነው። አገልግሎቱን ሲያገኝ ከወጪው 10 ከመቶ ይከፍላል፤ ገቢው ከፍ ያለ ደግሞ እስከ 30 ከመቶ። እንዲህ አዋጥቶ የኖረ ሰው ሲደክም የሚጠይቀው መብቱን ነው። "ሸክም ሆንኩባችሁ" አይልም። ያቺን ያንተን አባባል ማለቴ ነው።

ሁለቱ የሚለያዩበት ነገር ደስ ይለኛል። በጀርመን ቤትህ ሆነህ ቤተሰብ የሚያስታምምህ ከሆነ በወር በወር ገንዘብ ይሰጥሃል፤ ለልጅህ ብታካፍል ትችላለህ። ጃፓኖች ሕጉን ሲያረቁ ግን ሴቶች ተቃወሙ። "ገንዘብ ከተሰጠማ ምራት እቤት ታስራ ልትቀር ነው" አሉ። ስለዚህ የጃፓኑ መድን በገንዘብ ፋንታ አገልግሎቱን ይሰጣል፦ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያጥብ ሠራተኛ፣ አዛውንቶች ቀኑን የሚውሉበት ማዕከል፣ የመሳሰለው።

እኔ ለጃፓን አደላለሁ። የጀርመኑ ቢሆን ገንዘቡ ላይ ወንድሞቼ ሁሉ አስተያየት ይኖራቸዋል፤ ሥራው ግን ማን ላይ እንደሚወድቅ አንተም እኔም እናውቃለን። ጃፓንም ቢሆን አልጋ በአልጋ አይደለችም። አዛውንቱ በዝቶ የሚንከባከብ ሠራተኛ አጥሯታል።

አንተስ የቱን ትመርጣለህ? ገንዘቡን ወይስ ሠራተኛውን? እሑድ ስደውል ንገረኝ። እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ