ጸጥታውም የፊልሙ አካል ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በድሬዳዋ ቪዲዮ ቤቶች በሚታዩትና በፍላሽ እየተገለበጡ ከቤት ቤት በሚዞሩት ትርጉም ፊልሞች ላይ ያለኝን ቅሬታ በአንድ ፊልም ምክንያት ለማቅረብ እወዳለሁ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዕይታ የበቃው «ኤ ኳይት ፕሌስ» ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ጆን ክራሲንስኪ ከባለቤቱ ከኤምሊ ብለንት ጋር በባልና ሚስትነት የተወነበት ሥራ ነው።

ታሪኩ ማየት የማይችሉ፣ ነገር ግን ጥቂት ኮሽታ ከሩቅ ሰምተው ከተፍ የሚሉ አውሬዎች ምድርን ከወረሩ በኋላ በእርሻ ቤት ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ይዘው አባት አሸዋ ባነጠፈበት መንገድ በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ፤ የሚነጋገሩትም በምልክት ቋንቋ ነው። ገና ከጅምሩ ትንሹ ልጅ ድምፅ በሚያወጣ መጫወቻ ሰበብ ከዓይናቸው ሥር ይነጠቃል። እናት ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ምጥ ያለ ጩኸት፣ ጨቅላም ያለ ለቅሶ እንደማይሆን ለሚያውቅ ተመልካች ከአውሬዎቹ መልክ ይልቅ የሚያስጨንቀው ያን ቀን መጠበቁ ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን የሚያስታውስ የከተማችን ሰው፣ በጨለማ ጆሮን ጥሎ ማደር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

በእጃችን የገባው፣ ተርጓሚ በፊልሙ ድምፅ ላይ በአማርኛ እየተናገረ የሚተርክበት ቅጂ ግን ይህን ሁሉ አጥፍቶታል። እናትየው ምጥ ይዟት ምስማር ስትረግጥና ጩኸቷን ስትውጥ፣ ተርጓሚው ምስማሩን እንደምትረግጠው አስቀድሞ ነግሮን፣ ቀልድም ጨምሮበት ያልፋል። አባት ወንድ ልጁን ወደ ፏፏቴ ወስዶ፣ የውኃው ጩኸት ድምፃቸውን ስለሚሸፍንላቸው እንደልባቸው ሲነጋገሩ ይታያል፤ ከመጀመሪያ አንስቶ የተርጓሚ ድምፅ ሲሰማ ለቆየ ሰው ይህ እፎይታ ምንም ትርጉም አይሰጠውም። ከሁሉም የሚያሳዝነው የታላቋ ልጅ ጉዳይ ነው። ይህችን ሚና የምትጫወተው ሚሊሰንት ሲመንድስ በእውነተኛው ሕይወቷም መስማት የተሳናት ስትሆን፣ ነገሩ በእርሷ በኩል ሲታይ የፊልሙ ድምፅ ጨርሶ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ አደጋው ከኋላዋ ሲመጣ እኛ እናያለን፣ እርሷ አትሰማም። በትርጉሙ ቅጂ እዚያም ቦታ ላይ ወሬ አለ።

ተርጓሚዎችን መናቄ አይደለም። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ፊልም ማየት የቻሉት በእነርሱ ድካም ነው፤ የድብድብ ፊልም ሲሆን እኔም ቀልዳቸውን እወድላቸዋለሁ። የዚህ ፊልም ንግግር ግን ከአብዛኞቹ ፊልሞች እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ከምስሉ ግርጌ ቢገባለት ሥራው ብዙ አያደክምም፤ መስማት የተሳናቸው የከተማችን ወጣቶችም ከሌላው እኩል ሊከታተሉት ይችላሉ።

ስለሆነም የጥበብ ዓምዳችሁ ተርጓሚዎችንና የቪዲዮ ቤት ባለቤቶችን አነጋግሮ፣ ቢያንስ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ፊልሞች በጽሑፍ የተተረጎመ ቅጂ ማቅረብ ያልተቻለበትን ምክንያት እንዲጠይቅልን በአክብሮት አመለክታለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ