የ6ኛ ክፍል ልጆች የቤት ሥራና ማስታወቂያ በልጆቹ እጅ ይምጣ

ለአዘጋጁ፣

እንደምን ከረማችሁ? ግንቦት ገብቷል። ልጄ ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ናት፤ በሰኔ ከተማ አቀፍ ፈተና ትቀመጣለች። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ይህን ስጽፍ ስለ ልጄ ብቻ ብዬ አይደለም። አያት፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ ያሉ ወላጆችም ሲያወሩት የምሰማው ነገር ነው።

የቤት ሥራውም፣ የዓመቱ መዝጊያ ማስታወቂያውም አሁን የሚመጣው በወላጅ ስልክ ነው። በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ማለቴ ነው። ይህ አሠራር ለ6ኛ ክፍል ልጅ አይበጅም። መልእክቱ በልጁ ደብተር ላይ ተጽፎ፣ በልጁ እጅ፣ በጊዜው ቤት ይግባ።

እዚህ ሰፈር የብዙዎቻችን ሥራ መሃል ከተማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ነን። ማታ የቃሊቲን መንገድ ተጋፍተን ቤት ስንደርስ 2 ሰዓት አልፏል። ስልኩም አብሮን ይውላል። ልጆቹ ግን ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ቤት ናቸው። የማጥኛው ሰዓት ያ ነበር፤ የቤት ሥራው ደግሞ እናት ቦርሳ ውስጥ ነው። እናት ስትገባ ልጅ እንቅልፉ መጥቷል። መብራት ከጠፋ ወይ ኔትወርክ እንቢ ካለ ጭራሽ የለም። ጥቅል ያለቀበት ወላጅ ልጅም በማግስቱ "ለምን አልሠራህም?" ይባላል። እስቲ ልጁ ምን አደረገ?

ባለፈው ሰሞን የሂሳብ ወርክሺት ተላከልን። ወረቀቱ በስልክ ካሜራ የተነሳ ነው። የእጅ ጥላ ግማሹን አጥቁሮታል። ልጄ ስክሪኑን በጣቶቿ እያሰፋች፣ መልሳ እያጠበበች፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ወደ ደብተሯ ገለበጠች። ገልብጣ ስትጨርስ ለመሥራት አቅም አልነበራትም። ያን ምሽት ስለ መቶኛ የተማረችው ነገር የለም።

የሠራችውም ቢሆን በደንብ አይታረምላትም። አንድ ቀን ደብተሯን ስገልጥ 5 በመቶን 0.5 ብላ ጽፋለች። 0.05 መሆን ነበረበት። ያው ስህተት ገጹን ሙሉ ይደጋገማል። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ "ታይቷል" የሚል ጽሑፍና ፊርማ አለ። መምህሩን ልወቅስ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ከ50 በላይ ተማሪ አለ፤ ሌሎች ክፍሎችንም ያስተምራሉ። ወርክሺቱን የሚልኩልን በራሳቸው ካርድ ነው፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። ግን 30 ጥያቄ ሰጥቶ ሳያርሙ ከማለፍ 5 ጥያቄ ሰጥቶ በማግስቱ ሰሌዳ ላይ አብሮ መሥራት አይሻልም? ልጆቹ ደብተር ተቀያይረው ይተራረሙ። የተሳሳተው ልጅ የት ጋ እንደተሳሳተ እዚያው ያያል። ይህ ተጨማሪ ወረቀትም ሆነ ብር አይጠይቅም።

6ኛ ክፍል ላይ ነገሩ ለምን እንደሚጠነክር ልናገር። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ እስከ 8ኛ ነበር። ሚኒስትሪ የምንለውም ፈተና 8ኛ ክፍል ላይ ነበር። አሁን አደረጃጀቱ ተቀይሯል። ከ1ኛ እስከ 6ኛ የመጀመሪያ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል። ፈተናውም 6ኛ ላይም 8ኛ ላይም አለ። ስለዚህ ታላላቅ ልጆቻችንን ስናሳድግ ያወቅነው ነገር ለታናናሾቹ አይሠራም። 6ኛ ክፍል ምን መቼ እንደሚሟላ የሚነግረን ያስፈልገናል። ቀደም ብሎ የሚነግረን።

እኛ ዘንድ የሆነው ሌላ ነው። ለፈተናው ምዝገባ ጉርድ ፎቶና የልደት ሰርተፍኬት እንደሚያስፈልግ የተነገረን ማታ 4 ሰዓት ገደማ፣ "ነገ ጠዋት ይዘው ይምጡ" ተብሎ ነው። በዚያ ሰዓት ፎቶ ቤት ክፍት አይደለም። መልእክቱን በማግስቱ እኩለ ቀን ያየ ወላጅም አለ። ጎረቤቴ ከሥራ አስፈቅዳ፣ ኮንትራት ታክሲ ይዛ ነው የደረሰችው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የስም ነገር ነው። የልጆቹ ስም በእንግሊዝኛ ፊደልም ይመዘገባል። ልደት ሰርተፍኬቱ ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ሌላ። የአንዱ ልጅ የአያት ስም ተዘሏል። የሌላዋ አባት ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። ዛሬ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ስህተቱ ልጁን ተከትሎ 7ኛ ይገባል፣ 8ኛ ይፈተናል፣ 12ኛ ይደርሳል። ያኔ ለማስተካከል ወላጅ ስንት ቀን ከሥራ ይቀራል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የስም ዝርዝሩ በክፍሉ በር ላይ ለአንድ ሳምንት ይለጠፍ። የ12 ዓመት ልጅ የራሱን ስም አንብቦ "ይሄ ተሳስቷል" ማለት አያቅተውም። እኛ ስልክ ላይ አጉልተን ከምናየው እሱ ቆሞ ቢያየው ይሻላል።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። በየቀኑ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው የቤት ሥራው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ልጆቹም ይገልብጡ። ለዓመቱ መዝጊያ ደግሞ አንድ ወረቀት ይውጣ። ሞዴል ፈተና መቼ ነው? የፈተና መግቢያ ካርድ መቼ ይሰጣል? መፈተኛው ጣቢያ የት ነው? 7ኛ ክፍል የሌለው ትምህርት ቤት ልጆቹን ወዴት ይሸኛል፣ ምዝገባውስ? ይህ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ያልቃል። አንዱ ኮፒ ልጁ ጋ፣ አንዱ በሩ ላይ። የወረቀቱ ወጪ ከከበደ የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረቱ ይጠይቀን፤ እናዋጣለን። ቴሌግራሙም ይቅር አላልኩም። ለማስታወሻ ይሁን።

ሁለት ነገር ልጨምር። የመማሪያ መጻሕፍቱ ከፈተናው በፊት አይሰብሰቡብን። መጽሐፉን መልሶ በምን ያጥናል? ሪፖርት ካርዱም የሥራ ቀን ሳይሆን ቅዳሜ ይሰጥ። ቅዳሜ ከሆነ መምህሩን ፊት ለፊት አግኝተን፣ ልጃችን ምን እንደጎደለው ጠይቀን፣ ክረምቱን ምን እንደሚያጠና ይዘን እንመለሳለን።

የ6ኛ ክፍል ተማሪ እናት
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ